ያነከሰ ውሻ ስንት ያስወጣል?

ቡችላ ሲገዛ ጥርሱ ይታያል፤ ጆሮው ይቆም እንደሆነ ይጠየቃል፤ ሲጮህ ድምፁ ይደመጣል። ዳሌውን የሚጠይቅ ግን የለም። ሁለት ሦስት ዓመት ቆይቶ የባለቤቱን ኪስ የሚፈትሸው ያው ያልተጠየቀው ዳሌ ነው። በአዲስ አበባ ግቢና አጥር ያለው ሰው ትልቅ ውሻ የሚያሳድገው በአብዛኛው ለጥበቃ ነው። ዘበኛ በየወሩ ደመወዝ ይጠይቃል፤ ውሻ ግን የማዕድ ትራፊ ይበቃዋል ተብሎ ይታሰባል። ይህ ሒሳብ የሚፈርሰው ውሻው ከተኛበት ለመነሳት ማመንታት የጀመረ ቀን ነው።

ነገሩ ምን ያህል ገንዘብ እንደሚያንቀሳቅስ ለማየት ወደ አሜሪካ ብቅ ማለት ይጠቅማል። በአገሪቱ የእንስሳት ሐኪሞች ማኅበር መጽሔት ላይ እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣ ጥናት፣ የአሜሪካ የውሻ ባለቤቶች በ2003 ብቻ ለአንድ ጅማት ሕክምና 1.32 ቢሊዮን ዶላር እንዳወጡ ገምቷል። ልብ ይበሉ፣ የተቆጠረው የጉልበት መስቀለኛ ጅማት ብቻ ነው፤ ዳሌው፣ ክርኑና ትከሻው በሒሳቡ ውስጥ የሉም። ገንዘብ ባለበት ደግሞ ሻጭ አይጠፋም። እንክብል፣ ዱቄት፣ መርፌ፣ ብስኩት፣ ቅባት፣ ልዩ ፍራሽ ሁሉ ለውሻ መገጣጠሚያ እየተባለ ይቸበቸባል። ከእነዚህ አንዳንዶቹ በሻንጣም በመርከብም ተጭነው ወደኛ አገር መድረሳቸው አልቀረም። ስለዚህ ገዢው የትኛው ገንዘብ የሚያወጣ፣ የትኛው ገንዘብ የሚያስወጣ መሆኑን ለይቶ ቢያውቅ ይበጀዋል።

ከሻጩ ጋር ያለው ወግ

በመንገድ ዳር ቡችላ በካርቶን ይዞ የቆመውን ሻጭ ያነጋገረ ሰው ወጉን ያውቀዋል። «ጋሼ፣ ንጹሕ ጀርመን ነው፤ አባቱ የፖሊስ ውሻ ነው፤ እግሩን ይዩት እንዴት እንደወፈረ!» ይላል። እግሩ መወፈሩ እውነት ነው። ቡችላው ሲያድግ ከባድ እንደሚሆን ይናገራል፤ መገጣጠሚያው ክብደቱን ይሸከመው እንደሆነ ግን አይናገርም።

በትልልቅ የውሻ ዘሮች፣ በተለይም በጀርመን ሼፐርድ፣ በሮትዋይለርና በላብራዶር ላይ የሚታየው ዋነኛ ችግር ሂፕ ዲስፕላዚያ ይባላል። የጭኑ አጥንት ራስ ክብ ኳስ ነው፤ ዳሌው ላይ ያለው ማረፊያ ደግሞ ጎድጓዳ ጽዋ ነው። ኳሱ ከጽዋው ጋር ልክ ካልገጠመ በእያንዳንዱ እርምጃ ይዋልላል። ሲዋልል ልም አጥንቱን ይፍቃል፤ ልም አጥንቱ ሲያልቅ አጥንት ከአጥንት ይፋተጋል፤ ሰውነትም ያንን ለማረጋጋት በዙሪያው ትርፍ አጥንት ያበቅላል። ሕመሙም አንካሳነቱም ከዚህ ይመጣል። ቡችላው ሲወለድ ዳሌው ደህና ነው። የሚላላው በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው። በዚህ የተነሳ የስምንት ሳምንት ቡችላ ይዞ «ዳሌው ጤነኛ ነው» ብሎ የሚምል ሻጭ ሊያውቀው በማይችለው ነገር ነው የሚምለው።

መጠየቅ ያለበት የወላጆቹ ዳሌ ነው። በሽታው በዘር ይተላለፋልና። ጆን ኦሊን የተባሉ አሜሪካዊ ባለ ኢንዱስትሪ የአደን ውሾቻቸው በዚህ በሽታ ስለተበላሹባቸው ነገሩን በዝምታ አላለፉትም። እ.ኤ.አ. በ1966 የእንስሳት አጥንትና መገጣጠሚያ ፋውንዴሽን እንዲቋቋም ምክንያት ሆኑ። ይህ ድርጅት የውሾችን የዳሌ ራጅ እየመረመረ ደረጃ ይሰጣል፤ የመጨረሻውን ምስክር ወረቀት የሚሰጠው ግን ውሻው 24 ወር ከሞላው በኋላ ነው። በፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ የተፈለሰፈው ሌላ ዘዴ ደግሞ ከ16 ሳምንት ጀምሮ የዳሌውን መላላት ይለካል። በአውሮፓ የሚሠራበት የዓለም አቀፉ የውሻ ማኅበራት ፌዴሬሽን ደረጃ ከኤ እስከ ኢ ነው፤ ኤ ንጹሕ፣ ኢ ክፉኛ የተበላሸ ማለት ነው።

ከውጭ የመጣ ውሻ ነው ተብሎ ከፍ ያለ ዋጋ ሲጠየቅብዎ እንግዲህ የዘር ሐረጉ ወረቀት ላይ ይህ ደረጃ ይኑር አይኑር ይመልከቱ። ወረቀቱ ላይ የአያት የቅድመ አያት ስም ተደርድሮ የዳሌ ደረጃ ከሌለ የተከፈለው ለስም ነው። ወረቀት የሌለው የአገር ቤት እርባታ ከሆነ እናትየውን ለማየት ይጠይቁ። ስትነሳ ታግዛለች? ስትሮጥ ሁለት የኋላ እግሮቿን እንደ ጥንቸል አንድ ላይ ትወረውራለች? የኋላ ጭኗ ከፊተኛው ደረቷ ጋር ሲተያይ የከሳ ነው? ይህ ራጅን አይተካም፤ ከምንም ግን ይሻላል። ጤነኛ ወላጆችም ቢሆኑ አልፎ አልፎ የታመመ ይወልዳሉ። ገዢው በዚህ ፍተሻ የሚያገኘው የተሻለ ዕድል ነው፤ ዋስትና የሚሰጥ የለም።

መኖ ሻጩ ያወጣው ጉድ

ቡችላው ቤት ከገባ በኋላ የሚሠራው ስህተት ከልብ የመነጨ ነው። ቶሎ እንዲያድግ፣ አጥንቱ እንዲጠነክር እየተባለ ወተት ይጋታል፣ ከሉካንዳ ቤት አጥንትና ስብ ይመጣለታል፣ በዚያ ላይ የካልሲየም እንክብል ይጨመርለታል። ለትልቅ ዘር ቡችላ ከዚህ የከፋ አስተዳደግ የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ትርፍ ካልሲየም አጥንቱን በማጠንከር ፈንታ አስተዳደጉን ያዛባዋል፤ ትርፍ ምግብ ደግሞ ገና ያልጠናውን መገጣጠሚያ ከአቅሙ በላይ ያሸክመዋል።

በዚህ ጉዳይ ላይ ከተሠሩት ጥናቶች ሁሉ የታወቀውን ያሠራው መኖ ሻጭ መሆኑ ያስገርማል። ራልስተን ፑሪና የተባለው የአሜሪካ የእንስሳት መኖ ኩባንያ 48 የላብራዶር ቡችሎችን ሁለት ሁለት አድርጎ አጣመረ። ከጥንዶቹ አንዱ እንደ ልቡ ሲበላ ሌላው ከጓደኛው ድርሻ 25 በመቶ ተቀንሶ ተሰጠው። ምግቡ አንድ ዓይነት ነው፤ ልዩነቱ መጠኑ ብቻ ነው። ሁለት ዓመት ሲሞላቸው ዳሌያቸው በራጅ ታየ። እንደ ልባቸው ከበሉት 24 ውሾች 16ቱ የዳሌ ችግር ተገኘባቸው፤ ከተቀነሰባቸው 24ቱ ደግሞ 7ቱ ብቻ። ጥናቱ ውሾቹ እስኪሞቱ ድረስ ቀጥሎ እ.ኤ.አ. በ2002 ውጤቱ ሲወጣ፣ ትንሽ የበሉት በመካከለኛ ዕድሜ 13 ዓመት ሲኖሩ የጠገቡት 11.2 ዓመት ኖረው ነበር። ለመገጣጠሚያ ሕመም ሕክምና ያስፈለጋቸው ዕድሜም በሦስት ዓመት ያህል ተለያየ፤ 13.3 እና 10.3 ነበር። አንድ ነጋዴ ደንበኛው ዕቃውን በአራተኛ ቀንሶ ቢገዛ እንደሚሻለው በራሱ ገንዘብ ሲያረጋግጥ በዚህ ገጽ ላይ ብዙ ጊዜ አናይም።

ደረጃም ራሱን የቻለ ጣጣ አለው። በኖርዌይ በአራት ትልልቅ ዘሮች ላይ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት፣ ከተወለዱ ጀምሮ እስከ ሦስት ወር ድረስ በየቀኑ ደረጃ የወጡና የወረዱ ቡችሎች ለዳሌ በሽታ ይበልጥ የተጋለጡ መሆናቸውን አሳይቷል። ለስላሳ መሬት ላይ ሳይታሰሩ የተንቀሳቀሱት ግን ተጠቅመዋል። በፎቅ ቤት ቡችላ ይዞ ደረጃ ማስሮጥ ለልጆች ጨዋታ ነው፤ ለቡችላው ዳሌ ግን አይደለም። ቀኑን ሙሉ በአጭር ሰንሰለት ታስሮ በሲሚንቶ ላይ የሚውለውም ጡንቻው አይጠነክርም፤ መገጣጠሚያን ከሚደግፉት ነገሮች ዋናው ደግሞ ጡንቻ ነው።

ድንገት ሲያነክስ

እስካሁን የተናገርነው ቀስ ብሎ ስለሚመጣው ሕመም ነው። ድንገተኛ ጉዳት ሌላ ጠባይ አለው። ውሻው ከአጥር ሲዘል ይወድቃል፤ በሩ ሲከፈት ወጥቶ መኪና ይገጨዋል፤ ወይም ሳይወድቅ ሳይገጭ እየሮጠ ሳለ በድንገት አንድ የኋላ እግሩን ያነሳል። ይህ የመጨረሻው ብዙ ጊዜ የጉልበቱ መስቀለኛ ጅማት መበጠስ ነው። የሰው ኳስ ተጫዋች ጅማት የሚበጠሰው በአንድ ክፉ አጋጣሚ ነው፤ የውሻ ግን በአብዛኛው ለወራት እየሳሳ ቆይቶ በመጨረሻው ቀን በትንሽ ምክንያት ይለቃል። አንዱ ጉልበቱ የተበጠሰበት ውሻ ሌላኛውም የመበጠስ ዕድሉ ከ40 እስከ 60 በመቶ እንደሚደርስ የሚነገረውም በዚህ የተነሳ ነው። ትንሽ ውሻ በዕረፍትና ክብደት በመቀነስ ሊሻለው ይችላል፤ ከባድ ውሻ ግን በአብዛኛው ቀዶ ሕክምና ያስፈልገዋል። በአሜሪካ የሽንቡን አጥንት ቆርጦ አዙሮ በብረት የሚያስረው ቀዶ ሕክምና ለአንድ ጉልበት ብቻ ብዙ ሺህ ዶላር ይጠየቅበታል።

በመጀመሪያው ቀን ባለቤቱ የሚያደርገው ጥቂት ነው። ውሻውን ጠባብ ቦታ አስገብቶ ማሳረፍ፣ ያበጠውን ቦታ በጨርቅ በተጠቀለለ በረዶ ወይም ቀዝቃዛ ነገር ለአሥርና አሥራ አምስት ደቂቃ መያዝ፣ ለሽንት ሲወጣ በአጭር ገመድ ይዞ ማውጣት፤ በቃ። ወጌሻ ጠርቶ ማሳሸት ግን ይቅር። ወለምታ መስሎ የታሸው ስብራት ሆኖ ሲገኝ የተሰበረው አጥንት በሥጋው ውስጥ ይንቀሳቀሳል። እግሩን ጨርሶ መሬት የማያስነካ፣ እግሩ የተጣመመ ወይም አጥንት የሚታይበት ውሻ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ መቅረብ አለበት። መኪና የገጨውማ ቆሞ ቢሄድም መታየት አለበት፤ ሳንባውና የሽንት ፊኛው ተጎድተው ለጥቂት ሰዓት ደህና መምሰል ይችላሉና። የሚሸከሙት ሰዎች በብርድ ልብስ ወይም በጣውላ ላይ አድርገው ይውሰዱት፤ አፉንም በጨርቅ ይሰሩት፤ መተንፈስ የተቸገረ ወይም የሚያስመልስ ከሆነ ግን አፉ አይታሰርም። ያመመው ውሻ የራሱንም ጌታ ይነክሳል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጮክ ብሎ መነገር አለበት። አገራችን የእብድ ውሻ በሽታ ያለባት አገር ናት። ሳይመታ ሳይወድቅ የኋላ እግሩ የከዳው፣ መንጋጋው የወደቀ፣ ልጋጉ የሚንዠቀዠቅ፣ መዋጥ ያቃተው ወይም ጠባዩ በድንገት የተለወጠ ውሻ የመገጣጠሚያ ሕመምተኛ ነው ተብሎ እጅ አይገባበትም፤ አፉም አይታሰርም። ሰውና ሌላ እንስሳ ከማይደርስበት ቦታ ይዘጋበትና ባለሙያ ይጠራ። የነከሰው ወይም ልጋጉ ቁስል የነካው ሰው ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ ጤና ተቋም ይሂድ፤ ነገ እሄዳለሁ አይባልም።

የሰው መድኃኒት ለውሻ

ብዙ ውሻ የሚጎዳው በሕመሙ ሳይሆን በቤት ውስጥ ባለው እንክብል ነው። ጌታው ወገቡን ሲያመው የሚውጠው ዲክሎፌናክ፣ ኢቡፕሮፌን ወይም ናፕሮክሲን በሥጋ ተጠቅልሎ ለውሻው ይሰጣል። ውሻው በማግሥቱ ተሽሎት ይነሳል፤ ባለቤቱም ሐኪም ቤት ያልከፈለውን ገንዘብ እያሰበ ደስ ይለዋል። በሦስተኛው በአራተኛው ቀን ያስመልሰዋል፤ ዓይነ ምድሩ እንደ ሬንጅ ይጠቁራል። ይህ የጨጓራ ደም ነው።

ምክንያቱ የውሻ ሰውነት መድኃኒቱን የሚያስወግድበት መንገድ ከሰው የተለየ መሆኑ ነው። ናፕሮክሲንን እንውሰድ። በሰው ደም ውስጥ ያለው መጠን በግማሽ የሚቀንሰው ከ12 እስከ 17 ሰዓት ውስጥ ነው፤ በውሻ ግን 74 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ጠዋትና ማታ ተብሎ ለሰው የታዘዘው ለውሻ ሲሰጥ የትናንቱ ሳይወጣ የዛሬው፣ የዛሬው ሳይወጣ የነገው እየተደራረበ ይሄዳል። ፓራሲታሞልም ቢሆን መጠኑ ሲያልፍ ጉበት ያቃጥላል። የዲክሎፌናክ ቅባት ጉልበቱን የተቀባ ሰው እንኳ ውሻው እንዳይልሰው ይጠንቀቅ።

ሜሎክሲካም የተባለው መድኃኒት ለሰውም ለውሻም ስለሚሠራ ይበልጥ ያሳስታል። ለውሻ የሚታዘዘው በመጀመሪያው ቀን በኪሎ 0.2 ሚሊ ግራም፣ ከዚያ ወዲያ በየቀኑ በኪሎ 0.1 ሚሊ ግራም ነው። ሒሳቡን እንሥራው። አሥር ኪሎ የሚመዝን ውሻ የቀን ድርሻው 1 ሚሊ ግራም ነው። ከሰው ፋርማሲ የተገዛው ትንሹ እንክብል 7.5 ሚሊ ግራም ነው፤ አንዷን ፍሬ የዋጠ ውሻ የሰባት ቀን ተኩሉን በአንድ ጊዜ ዋጠ ማለት ነው። ሠላሳ ኪሎ ለሚመዝነው ጀርመን ሼፐርድም ባለ 15 ሚሊ ግራሙ የአምስት ቀን ድርሻ ነው። ለውሻ ተብሎ የተሠራው ፈሳሽ በአንድ ሚሊ ሊትር 1.5 ሚሊ ግራም የያዘው ነው፤ በጠብታና በስፖይት ስለሚለካ ስህተቱ ይቀንሳል።

ይህ ስሌት ለገበያም ይጠቅማል። የውሻ መድኃኒት ዋጋው በብልቃጥ አይደለም፣ በውሻው ኪሎ ነው። 100 ሚሊ ሊትር የሚይዘው ብልቃጥ ለአሥር ኪሎ ውሻ 150 ቀን ይሄዳል፤ ለሠላሳ ኪሎው 50 ቀን፣ ለአርባ ኪሎው 37 ቀን ብቻ። «ጎረቤቴ አንድ ብልቃጥ አምስት ወር በቅቶታል» ተብሎ የገባ ሰው የጎረቤቱ ውሻ ስንት ኪሎ እንደሆነ አስቀድሞ ይጠይቅ።

ለውሻ የተፈቀዱትም ቢሆኑ ከጣጣ ነፃ አይደሉም። ካርፕሮፌን መጀመሪያ ለሰው የተሠራ መድኃኒት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1997 ፋይዘር «ሪማዲል» በሚል ስም ለውሻ በአሜሪካ ገበያ አወጣው። ሽማግሌ ውሾች እንደ ቡችላ ሲዘሉ በማስታወቂያ ታዩ፤ ሽያጩም ገነነ። ብዙም ሳይቆይ ጉበታቸው የተጎዳና የሞቱ ውሾች ወሬ መጣ፤ ባለቤቶች ከሰሱ፤ ጉዳዩም በስምምነት ተዘጋ። መድኃኒቱ ግን ዛሬም በሥራ ላይ ነው፤ አብዛኞቹ ውሾች ይቀበሉታል፤ ብዙዎችንም አስነስቷል። የተለወጠው አሰጣጡ ነው። ከመጀመሩ በፊት ጉበትና ኩላሊት በደም ምርመራ ይታያሉ፤ ለረጅም ጊዜ የሚወስደውም በየጊዜው ይመረመራል፤ ባለቤቱም ምን ምልክት ሲያይ ማቆም እንዳለበት በጽሑፍ ይሰጠዋል። ከዚህ ቤተሰብ ሁለት መድኃኒት በአንድ ላይ አይሰጥም፤ ከዴክሳሜታዞንና ከመሰል ስቴሮይዶች ጋርም አይደባለቅም። ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ እቤት የሰጡትን እንክብል አይደብቁ፤ የተደበቀው እንክብል ላይ መርፌ ሲጨመር ነው ጨጓራው የሚበሳው።

የቅርቡ ዜና መርፌ ነው። ከፋይዘር እ.ኤ.አ. በ2013 ተገንጥሎ የወጣው ዞኤቲስ «ሊብሬላ» የተባለ በወር አንድ ጊዜ የሚወጋ መድኃኒት ሠርቷል። ሕመምን የሚያስተላልፈውን የነርቭ ማሳደጊያ ንጥረ ነገር ይዞ ያስቀምጣል። የአውሮፓ ኅብረት በ2020፣ አሜሪካ በ2023 ፈቀዱለት። በታኅሣሥ 2024 ደግሞ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት መርፌውን በወሰዱ ውሾች ላይ መንገዳገድ፣ የሚጥል ሕመምና ሌሎችም ችግሮች ሪፖርት መደረጋቸውን ለእንስሳት ሐኪሞች በደብዳቤ አሳወቀ። ኩላሊቱ ሌላውን መድኃኒት ለማይችል ሽማግሌ ውሻ በረከት ሊሆን ይችላል። ዘመድ ከአሜሪካ በቦርሳ ይዞ የሚመጣው ዕቃ ግን አይደለም፤ ቅዝቃዜ ጠብቆ መጓዝ አለበት፤ የሚወጋውም ውሻውን የመረመረ ሐኪም ነው።

ግሉኮሳሚንና ኮንድሮይቲን ደግሞ አሉ፤ በየብልቃጡ ላይ ደስተኛ ውሻ ተስሎባቸው። በሞንትሪያል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2022 የተሠሩ ጥናቶችን ሁሉ ሰብስበው ሲመዝኑ ሁለቱ ለውሻ ሕመም ጥቅም አለመስጠታቸውን ደምድመው፣ ለዚህ ተግባር እንዳይመከሩ ጽፈዋል። የተሻለ ማስረጃ የተገኘው ከዓሣ ዘይት ለሚወጣው ኦሜጋ 3 ነው። ገንዘብ ካለ ለዓሣ ዘይቱ ይሂድ፤ በእኔ አስተያየት የግሉኮሳሚኑ ዋጋ ለደም ምርመራው ቢውል ይሻላል።

ከሁሉ የረከሰው መድኃኒት

በግላስጎው የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ትንሽ ጥናት 14 የወፈሩና መገጣጠሚያቸውን የሚያማቸው ውሾችን አከሳ። ክብደታቸው በ6.1 በመቶ ገደማ ሲቀንስ ማንከሳቸው በግልጽ ቀነሰ። አርባ ኪሎ ለሚመዝን ውሻ ይህ ሁለት ኪሎ ተኩል እንኳ አይሞላም። ይህን ያህል ለመቀነስ የሚገዛ ነገር የለም፤ የሚተው ነገር ነው ያለው። ሁሉም የቤቱ ሰው በየተራ የሚወረውርለት ጉርሻ ይቁም፤ የሚመግበው አንድ ሰው ይሁን፤ ምግቡ በጣሳ ተለክቶ ይሰጠው። የሉካንዳው ስብም ይቅር።

ውሻው መወፈሩን ለማወቅ ሁለት እጅ ይበቃል። የጎን አጥንቱን ሲዳስሱ በቀላሉ ከተቆጠረ ደህና ነው፤ ፈልገው ካገኙት ወፍሯል። በኪሎ ለማወቅ የሚፈልግ የቤት ሚዛን ላይ ውሻውን ታቅፎ ቆሞ የራሱን መቀነስ ይችላል። ለአርባ ኪሎው ይህ አይሆንም፤ እህል የሚመዘንበት የወፍጮ ቤት ሚዛን ግን አይከብደውም። ወፍጮ ቤቱ ሰው ይስቃል፤ ይሳቅ። በየሁለት ሳምንቱ ተመዝኖ በደብተር ይጻፍ።

እንቅስቃሴውም ይኑር፤ ግን ይለካ። ሳምንቱን ታስሮ እሑድ ሁለት ሰዓት የሚሮጥ ውሻ ሰኞ አይነሳም። በየቀኑ ሁለት ሦስት ጊዜ፣ አጠር አጠር ያለ፣ በገመድ የተያዘ እርምጃ ጡንቻውን ያቆይለታል። ኳስ እያሳደዱ ድንገት መዞርና ከመኪና ላይ መዝለል ለታመመ ጉልበት አይሆኑም። በሐምሌና በነሐሴ ብርድ ሽማግሌ ውሻ እርጥብ ሲሚንቶ ላይ እንዳይተኛ ከመሬት ከፍ ያለ ጣውላ፣ በላዩም ጆንያ ወይም አሮጌ ፍራሽ ይደረግለት። የሚያንሸራትት ሴራሚክ ወለል ላይ ምንጣፍ ይነጠፍ። ጥፍሩም ይቆረጥ፤ የረዘመ ጥፍር አረጋገጡን ያበላሻል።

ውሻ ሲያመው እንደ ሰው አያቃስትም። ሌሊት አጥሩን ይዞር የነበረው አንድ ቦታ ተኝቶ መጮህ ሲጀምር፣ ደረጃው ላይ ሲያመነታ፣ አንድ መገጣጠሚያውን ደጋግሞ ሲልስ፣ ልጆች ወገቡን ሲነኩት ሲያጉረመርም ሰነፈ ወይም አረጀ ተብሎ ይታለፋል። ዘበኛው ወይም የቤት ሠራተኛዋ ከጌታው ይልቅ ይህን ቀድመው ያያሉ፤ እነርሱን መጠየቅ ነው።

ወደ ሐኪም ሲሄዱ ውሻው ሲነሳና ሲራመድ በስልክ የተቀረጸ ቪዲዮ ይያዙ፤ ክሊኒክ ሲደርስ በፍርሃት ቀጥ ብሎ የሚሄድ ውሻ ብዙ ነው። የእንስሳት መድኃኒት ቤቶቻችን ዕቃ በአብዛኛው ለከብት፣ ለበግና ለዶሮ የመጣ ስለሆነ ከመደርደሪያ መርጦ ከመግዛት አስቀድሞ መመርመር ይሻላል። በቢሾፍቱ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምናና ግብርና ኮሌጅ የማስተማሪያ ሆስፒታል አለ፤ በከተማውም የግል ክሊኒኮች አሉ። ከመክፈልዎ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቁ፤ በሽታው በራጅ ታይቷል ወይስ በግምት ነው? የታዘዘው መድኃኒት ለእኔ ውሻ ኪሎ በወር ስንት ያወጣል? የደም ምርመራውስ መቼ ይደገማል? የዳሌ ራጅ በደንብ እንዲነሳ ውሻው በማደንዘዣ መተኛት ይኖርበታል፤ ዋጋው ውስጥ ማደንዘዣው መካተቱንም ያረጋግጡ። ፊልሙን ወይም ምስሉን ተቀብለው ያስቀምጡ፤ ውሻይቱ ስትወልድ ቡችሎቿን ለሚገዛ ሰው የሚታየው እርሱ ነው።